የዓብዲን ቱርቦ ማን አበላሸው?

ሥራ ያቆምኩት ጆሮዬ ስለከዳኝ ነው። ጉልበቴ ደህና ነው፤ እጄ አይንቀጠቀጥም፤ ዓይኔን መነጽር ያግዘዋል። ለሞተር አየር የሚነፋለት የቱርቦ ፉጨት ግን አይሰማኝም። ሞተሩ ሲጫን ከፍ፣ ሲለቀቅ ዝቅ የምትለዋ ቀጭን ድምፅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንጀራ ስታበላኝ ኖራ ካለፈው ረመዳን ወዲህ ጥላኝ ጠፋች። ሐኪሙ ከእንግዲህ አትመለስም አለኝ። ሌላውን ሁሉ እሰማለሁ፤ ባለቤቴማ የማልፈልገውን ብቻ እንደማልሰማ ትናገራለች። ቱርቦ የማይሰማ የናፍጣ መካኒክ ግን በግምት የሚሠራ ሰው ነው። በግምት መሥራት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ካርቲየ 6 ሰፈር ያለውን የጋራዡን ቁልፍ ለሽርካዬ አስረክቤ ቤቴ ገባሁ።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ አጎቶቼም እንደዚያው። እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት ውስጥ ሱቅ ነበራቸውና እኔም ባንኮኒ ላይ እንድቆም ነበር የተላክሁት። ቆሜም አይቼዋለሁ። ጨርቅ ስለካ ጆሮዬ ውጭ ከሚያልፈው መኪና ጋር ይሄድና ስንት ሜትር እንደደረስኩ ይጠፋኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላኝ ሱቁን ትቼ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ የነበረ ጋራዥ ገባሁ። አባቴ ይህን ሲሰማ ሁለት ዓመት አላናገረኝም። ሲያናግረኝም የመጀመሪያው ቃሉ እጅህን ታጠብ የሚል ነበር።

እዚያ ጋራዥ ውስጥ ያገኘሁት አለቃዬ ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። የባቡር ሰው ነበሩ፤ የባቡሩ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደ መኪና የዞሩ። አጭር፣ ንጹሕ፣ ቁጡ ሰው። ሌላው መካኒክ ሥራ ሲጨርስ ነው እጁን የሚታጠበው፤ እሳቸው ቱርቦ ከመክፈታቸው በፊት በሳሙና ይታጠቡ ነበር። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ቱርቦው ውስጥ በፍጥነት የሚሽከረከረውን ክንፍ ልትበላው ትችላለች፣ ይህ አገር ደግሞ አሸዋ ነው ይሉኛል። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መኪናውን ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። መፍቻ አይነኩም። መጨረሻ ላይ ሾፌሩን ሳጥን ላይ ያስቀምጡትና መኪናህ ምን ሆነች አይሉትም።

“ቀንህን ንገረኝ” ነው የሚሉት። “ከሱብሂ ጀምር።”

ሾፌሮቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር። ከጠዋት ስግደት ተነስተው የት እንደሄዱ፣ ምን እንደጫኑ፣ የት ቁርስ እንደበሉ፣ የት እንዳቆሙ ሲያወሩ እሳቸው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ። እኔ በሆዴ ሽማግሌው ወሬ ይወዳል እል ነበር። አንድ መካኒክ ቱርቦው ተበላሽቷል ሲል ከሰሙ ግን ከተቀመጡበት ይነሱና “ማን አበላሸው?” ይላሉ። ይህን ያልመለሰ ሰው በእሳቸው ፊት አዲስ ቱርቦ ማዘዝ አይችልም።

ጭስ ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቶ አየር አንሶታል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፤ ነጭ ከሆነ ወይ ሳይነድ የወጣ ናፍጣ ነው ወይ ውሃ። የቱርቦውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዞ መነቅነቅንም ከእሳቸው ነው የወሰድኩት። ወደ ጎን በትንሹ ቢወዛወዝ ያለ ነገር ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሄደ ግን ውስጡ ተበልቷል። ይህንን ጣት እንጂ መጽሐፍ አይነግርህም፤ ለዚህም ብዙ ዘንግ መነቅነቅ ያስፈልጋል።

አንድ ጊዜ መኪና የሚጎትት ፒካፕ መጣ። ባዶውን ሲሄድ እንደ ፈረስ ነው፤ ሌላ መኪና አስሮ ዳገት ሲጀምር ይሞታል። ሦስት ቀን ታገልኩት። ፊልትሮ ቀየርኩ፤ መገጣጠሚያዎቹን በሙሉ የሳሙና ውሃ ቀብቼ አረፋ ፈለግሁ፤ ምንም የለም። ጋሽ ወልዴ በአራተኛው ቀን መጡና ኮፈኑን አስወልቀው መሬት ላይ አስቀመጡት። ሾፌሩን ሌላ መኪና ከኋላው አስረህ ወደ አርታ ዳገት ንዳ አሉት፤ እኔን መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለህ ሞተሩን ብቻ እይ አሉኝ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ከፊልትሮው ወደ ቱርቦው የሚሄደው ጎማ ቱቦ ዓይኔ እያየ ተጣበቀ። ሙቀቱና ዘይቱ አልፈስፍሰውት ኖሮ ቱርቦው አየር አጥብቆ ሲስብ እንደ ባዶ ከረጢት ይጨፈለቃል፤ ሞተሩ ሲለቀቅ ተመልሶ ይነፋል። ጋራዥ ውስጥ መቶ ዓመት ብቆም አላገኘውም ነበር። የሚጎትት መኪና የሚመረመረው ሲጎትት ነው፤ ይህንን ያን ቀን ተማርኩ።

ከዚያ በኋላ ወደብ ውስጥ ስምንት ዓመት የዕቃ ማንሻና የጎታች መኪና ጥገና ላይ ሠራሁ። የዚያ አለቃዬ አንዲት ቡሎን በተፈታች ቁጥር በፈረንሳይኛ ቅጽ የሚያስሞላ ሰው ነበር። ሞተር አያውቅም፤ ሰው ግን ያውቃል። ማን ደክሞታል፣ ማን ከቤቱ ተጣልቶ መጥቷል፣ በአካሄዱ ይለየውና ከባድ ሥራ አይሰጠውም። ስለ ደመወዝ የማወራው ብዙ የለኝም፤ ይመጣ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቴም ይታደስ ነበር፤ አንዳንዴ ዘግይቶ። በመጨረሻ ካርቲየ 6 ከአንድ ወዳጄ ጋር ጋራዥ ከፈትን። ጋሽ ወልዴ ያኔ አርፈዋል። ዓብዲን ያወቅሁት እዚያ ነው።

ዓብዲ ሶማሌ ነው፤ በዕድሜ እኩያዬ። አማርኛውን የተማረው ከድሬዳዋ በሚመጡ ሾፌሮች መሃል ነው፤ እንደ እኛ “አቦ” ይላል። መንገድ ላይ የሞተ መኪና እየጎተተ የሚያመጣ አንድ አሮጌ ፒካፕ ነበረው። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ቱርቦ አልነበራትም። ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው የትንሽ የጭነት መኪና ቱርቦ አምጥቶ፣ ቧንቧ ቆርጦ፣ በብየዳ አያይዞ ገጥሞላታል፤ ከኋላዋም የብረት መስቀያ ተተክሎባታል። አስቀያሚ ናት፤ ጉልበቷ ግን ያስደንቃል። የዓብዲ ሚስትና አምስት ሴቶች ልጆቹ የሚኖሩት በእሷ ነው። ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

አንድ ጠዋት ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ ጉልበቷ ተሟጦ መጣች። ከፈትኳት። ዘንጉን በሁለት ጣቴ ስነቀንቀው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። ቱርቦው አብቅቶለታል፣ ሌላ ፈልግ አልኩት። ማን አበላሸው የሚለውን አልጠየቅሁም። ቀንህን ንገረኝም አላልኩትም። ጋራዡ የራሴ ሆኖ፣ ስሜ ወጥቶ፣ ሾፌር ሳጥን ላይ አስቀምጦ ወሬ መስማት ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር።

ዓብዲ ያገለገለ ግን ደህና ቱርቦ አገኘ። መግጠም ስጀምር ረፍዶ ነበር። ቱርቦ ሲገጠም መጨረሻ ላይ አንድ ሥራ አለ። ዘይት የሚያመጣለትን ቀጭን ቧንቧ ከማሰርህ በፊት ጫፉን ጣሳ ላይ ታደርገዋለህ፤ ሞተሩ እንዳይነሳ ናፍጣውን ዘግተህ በማስነሻው በሞተሪኖ ታሽከረክረዋለህ፤ ዘይቱ በደንብ ሲፈስ በዓይንህ ታያለህ፤ ከዚያ ታስራለህ። ቱርቦ ያለ ዘይት ብዙ አይቆይም። ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ያን ቀን ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ጅቡቲን የሚያውቅ ሰው ሰባት ሰዓት ምን እንደሆነ ያውቃል። ጫት የጫኑት መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ይገባሉ፤ ሱቅ ይዘጋል፣ መፍቻ ይጣላል፣ ወንዱ ሁሉ ወደ ሻጮቹ ጠረጴዛ ይሮጣል። የዘገየ ሰው የሚደርሰው የተረፈው ነው። ጥሩምባው ከካርቲየ ሰባት በኩል መሰማት ሲጀምር ዓብዲ ጭንቅላቴ ላይ ቆሟል።

“አቦ ጀማል፣ ጨርስ። ጫቱ ገብቷል።”

ጣሳውን አየሁት። ግድግዳው ሥር፣ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ቧንቧውን እንደነበረ አሰርኩት። ሞተሩ ተነሳ፣ ፉጨቱ ጥሩ ነበር፣ ዓብዲ ሳቀ። አብረን ሄደን ጫታችንን ገዛን፤ ያን ቀን በርጫ ላይ ስለ ሥራዬ ጥራት ብዙ አወራሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ዓብዲ አንድ የሞተ ሚኒባስ አስሮ ፒካ ዱዝ ከሚባለው ሰፈር ወዲያ ያለውን ዳገት ይወጣ ነበር። የቱርቦው ውስጥ ተበልቶ አለቀና ዘይቱ ወደ ሞተሩ አየር መግቢያ ይገባ ጀመር። የናፍጣ ሞተር ዘይትም ቢሆን ያነድዳል፤ የራሱን ዘይት መጠጣት ከጀመረ ደግሞ ነዳጅ ሳይረገጥ እየጮኸ ይፈጥናል፤ ቁልፍ ብታጠፋ አይሰማህም። መንገዱ በሰማያዊ ጭስ ተሸፈነ። በዚህ ጊዜ ከፍተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ረግጦ፣ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ሞተሩን ማነቅ ይቻላል። ይህን ለዓብዲ የነገረው ሰው አልነበረም፤ እኔም አልነገርኩትም። እሱ የሚያውቀው አየር ከተከለከለ ሞተር እንደሚሞት ብቻ ነው። ሞተሩ ቢፈነዳ መኪናው እንደሚያበቃለት፣ ቤቱም እንደሚያበቃለት ያውቃል። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ቱቦውን ነቀለ፣ ፎጣውን ጠቅልሎ የቱርቦውን አፍ ሊደፍን ቀኝ እጁን አስገባ። ቱርቦው ፎጣውን ሳበው፤ እጁንም አብሮ።

ሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ሄዱ።

ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። እጁ ተጠቅልሎ ሆዱ ላይ ተቀምጧል። “ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሰው እንዴት እጁን እዚያ ያስገባል” እያለ ለሚስቱ ያስረዳል። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ዛሬም አልረሳውም።

ፒካፗ ጋራዣችን ግቢ ውስጥ ተጎትታ ቆመች። ያየ ሁሉ ይፈርዳል፤ ይህ ሞተር ለቱርቦ አልተሠራም፣ ንቀሉትና እንደ ድሮዋ ትሁን፣ ወይ በብረት ዋጋ ትሸጥ ይሉናል። ሽርካዬም ይህንኑ አለኝ። ያለ ቱርቦ ግን ሚኒባስ ጎትታ አርታን አትወጣም፤ ካልጎተተች ደግሞ ለዓብዲ ምኑም አይደለችም። እኔ ቱርቦዋን ማን እንዳበላሸው እስካውቅ ድረስ ሌላ ቱርቦ አልነካም ብዬ ወሰንኩ። የመጣውን የቱርቦ ሥራ ሁሉ ወደ ሌላ ጋራዥ ላክሁ። ሽርካዬ አበደ ብሎ አወራብኝ፤ ያውራ።

እጄን በሳሙና ታጥቤ ጀመርኩ። ቱርቦውን በጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። ዘንጉ የተቀመጠባቸው ቡሽኮች ጠቁረው፣ ተላልጠው፣ ደርቀዋል። ዘይት አንሶታል ማለት ነው። የሞተሩን የዘይት ግፊት ለካሁ፤ ደህና ነው። ታዲያ ዘይቱ ከሞተሩ ወጥቶ የት ቀረ? የቀረው ያ ቀጭን ቧንቧ ብቻ ነው። ስነፋበት ትንሽ ትንሽ ያስተነፍሳል። በመጋዝ ርዝመቱን ሰነጠቅሁት። ውስጡ እንደ ከሰል የደረቀ ዘይት ሞልቶታል፤ የቀረችው ቀዳዳ መርፌ ብቻ ታሳልፋለች። ጣሳው ላይ አሥር ደቂቃ ብቆም ኖሮ ዘይቱ ሳይፈስ ሲንጠባጠብ አይ ነበር። ተቀመጥኩ። የቧንቧውን ሁለት ግማሽ በሁለት እጄ ይዤ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ።

ይህ የእኔ ድርሻ ነው። ግን የመጀመሪያውንም ቱርቦ የበላው ያው ቧንቧ ነው፤ ያኔ ደግሞ እኔ መኪናዋን ነክቻት አላውቅም። ዘይት እንዲሁ ከሰል አይሆንም። እዚህ ላይ ባቆም ሦስተኛው ቱርቦም በተራው ይሄዳል። ስለዚህ በማግስቱ ከአስር ሰላት በኋላ የዓብዲ ቤት ሄድኩ። ምንጣፍ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። የጋሽ ወልዴን ጥያቄ ከሃያ ዓመት በኋላ ጠየቅሁ፤ ቀንህን ንገረኝ፣ ከሱብሂ ጀምር አልኩት።

ግር አለው፤ ግን ነገረኝ። ጎህ ሲቀድ ይወጣል። ከመንገድ ያገኘውን መኪና አስሮ ዳገቱን ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲበረታ የመጨረሻውን ይጎትታል። ያንን ጋራዥ ያራግፍና በቀጥታ፣ ነዳጁን እየረገጠ፣ ካርቲየ ሰባት ጫት ወደምትሸጥለት ሴትዮ ይበራል።

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ቁልፉን አጠፋና እዘላለሁ። ሰባት ሰዓት ነዋ።”

አገኘሁት። ቱርቦ ከከባድ ጉተታ በኋላ እንደ ፍም ይግላል። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ሳይረገጥ፣ ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ የሚዞረው ዘይት ያቀዘቅዘዋል። ወዲያው ካጠፋኸው ግን ዘይቱ ባለበት ቆሞ ይጠበሳል። ያ የማይታወቅ ሰው ደግሞ ቧንቧውን የሳበው የጭሱ መውጫ ጎን ለጎን ነው፤ ሙቀት ላይ ሙቀት። በየቀኑ፣ በሰባት ሰዓት፣ ትንሽ ትንሽ ከሰል። ይህንን ሁሉ አስረዳሁት። ዓብዲ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና በተጠቀለለው እጁ ግንባሩን ነካ። “ስለዚህ እኔ ነኝ” አለ። “ለጫት ብዬ።”

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። የነገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ማንም መካኒክ ይመሰክርልኛል። የሚስቱ እግር ኮቴ ከመጋረጃው ወዲያ ይሰማል፤ ቆማ እየሰማች ነው። ተነስቼ አላህ ያሽርህ ብል በሰላም ቤቴ እገባለሁ። እሱ ግን ዕድሜ ልኩን እጁን ባየ ቁጥር በራሱ ላይ ሲፈርድ ይኖራል።

“አንተ ብቻ አይደለህም” አልኩት። “ቧንቧው መደፈኑን ያን ቀን ማየት ነበረብኝ። ማያው ጣሳ አጠገቤ ነበር። ጥሩምባውን ሰምቼ፣ እኔም ለጫት ቸኩዬ፣ ሳላይ አሰርኩት። ባየው ኖሮ እጅህ ደህና ነበር።”

ዓብዲ ፊቱን ወደ መጋረጃው አዞረ። ከውጭ ልጆቹ ሲጫወቱ ይሰማል። ሲያየኝ ዓይኑ ቀልቷል፤ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር።

“ሆስፒታል መጥተህ ዝም አልክ” አለኝ።

“ዝም አልኩ።”

“ወላሂ፣ ዛሬ ይቅር ልልህ አልችልም” አለኝ። “እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። መኪናዋ መቼ ትደርሳለች?”

በሳምንቱ አደርሳለሁ አልኩት፤ አደረስኩም። ወፈር ያለ ቧንቧ አሠርቼ ከጭሱ መውጫ አርቄ በሌላ በኩል ወሰድኩት፤ ሙቀት የሚከላከል ጨርቅ ጠቀለልኩበት። የዘይቱን መመለሻም ጠርጌ አስፋሁት። ሦስተኛውን ቱርቦ ስገጥም ዓብዲ ቆሞ እንዲያይ አስጠራሁት፤ ጣሳው ውስጥ ዘይቱ ሲወርድ አብረን አየን። ማርሽ የሚያስገባው በቀኝ እጁ ስለሆነ ሦስት ጣት እንዲበቃው ወፍራም የማርሽ እጀታ ከእንጨት ጠረብኩለት። ሁለት ጊዜ አልተመቸውም፤ ሦስተኛው ተመቸው። የሚሮጥ ሞተር እንዴት እንደሚታነቅም ቁጭ አድርጌ አስተማርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ቱርቦ ያለው መኪና የያዘ ሾፌር ሁሉ ይህን ሳልነግረው ከጋራዤ ወጥቶ አያውቅም።

ካርቲየ ሰባት ዓብዲን የሚያውቁት ሰዎች ስምንት ዓመት ሙሉ ሲስቁበት ኖረዋል። ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም ሲሮጥ እሱ ሴትዮዋ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ያቆምና ሞተሩን በሚኒሞ ትቶ መሪው ላይ ይቀመጣል። ጫቱ እያለቀ ነው ይሉታል። ይለቅ ይላል። ያ ሦስተኛው ቱርቦ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ዓብዲ መኪናዋን ከእኔ ሌላ ሰው እንዲነካት አድርጎ አያውቅም። እጁን ግን አይሰጠኝም ነበር። ከሌላው ሁሉ ጋር በዚያች ባለ ሦስት ጣት እጁ ይጨባበጣል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ደረቱ ላይ ያደርጋትና በአንገቱ ሰላም ይለኛል። አልቀየምኩትም፤ የሚገባኝን ነው የሰጠኝ። ግን ጋራዥ በመጣ ቁጥር ያቺን እጅ ሳላይ ቀርቼ አላውቅም።

ሥራ ላቆም ነው ያልኩት ቀን ተቆጣ። ማን ሊያይልኝ ነው ብሎ ጮኸብኝ፤ በሩን በኃይል ዘግቶብኝ ወጣ። በማግስቱ እቤቴ መጣ። ፒካፗን አላመጣትም፤ በእግሩ ነው የመጣው። ባለቤቴ ሻይ ልታፈላ ተነሳች፤ አልቀመጥም አላት። በሩ ላይ ቆሞ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ዘይቱ፣ በስንት ወር መቀየር እንዳለበት አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ መለስኩለት። ሁሉንም ያውቀዋል፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ጥያቄው አለቀበት።

“ያቆየነው ነገር ነበር” አለኝ።

ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። እኔ እጄን ለመስጠት ፈራሁ፤ እሱ ቀድሞ ያዘኝና ባሉት ጣቶቹ አጥብቆ ጨበጠኝ፤ እስኪያመኝ ድረስ፤ አልለቀቀኝም።